ፀሐይ በነፃ ለምትሠራው ሥራ ቆጣሪ ስለ ምን ይዞራል?

የአንድን ሰፈር ኑሮ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከፎቅ ሆኖ የተሰጣውን ልብስ ቢመለከት ከብዙ ጥያቄ ይገላገላል። በአንዱ ገመድ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም፣ በሌላው የአራስ ልጅ ጨርቅ፣ ከዚያ ወዲያ የሐኪም ነጭ ካፖርት፣ ከጥግ ደግሞ ለበዓል የታጠበ ነጠላ ይታያል። ማን እንደ ወለደች፣ ማን እንግዳ እንደ መጣበት፣ ማን ሥራ እንደ ያዘ ገመዱ ሳይጠየቅ ይናገራል። የልብስ ማስጫ ገመድ የሰፈር ጋዜጣ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ይህ ጋዜጣ በአንዳንዶቻችን ዘንድ እንደ ነውር መቈጠር ጀምሯል። አዲስ ቤት የገባ ወጣት ሠራተኛ በረንዳው ላይ ገመድ ለመዘርጋት ሲያስብ «ሰው ምን ይለኛል?» ይላል። ዕቃ ለመግዛት በወጣ ጊዜም ከማጠቢያው መኪና ጐን የቆመውን ማድረቂያ መኪና እያየ «ይህም ቢኖር ቤቱ ሙሉ ይሆን ነበር» ብሎ ይመኛል። በእርሱ አስተያየት ገመድ የችግረኛ፣ ማድረቂያ መኪና የሠለጠነ ሰው ምልክት ነው።

እኛ ግን ነገሩን ከወዲያም ከወዲህም ብንመረምረው ሥልጣኔ ማለት ሥራን ሁሉ ለመኪና ማስረከብ አለመሆኑን እንረዳለን። ሥልጣኔ የትኛውን ሥራ ለመኪና፣ የትኛውን ለተፈጥሮ መስጠት እንደሚገባ ለይቶ ማወቅ ነው። ማጠቢያው መኪና ከእናቶቻችንና ከእኅቶቻችን ወገብ ላይ የወረደ ሸክም ነውና ምስጋና ይገባዋል፤ ፀሐይም ሆነች ነፋስ ልብስ አያጥቡምና። ማድረቂያው መኪና ግን ፀሐይና ነፋስ ያለ ደመወዝ የሚሠሩትን ሥራ ተቀብሎ በቆጣሪ የሚያስከፍል ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ ነው።

ውሃ ከጨርቅ የሚለየው እንዴት ነው?

ልብስ ደረቀ የምንለው በክሮቹ መካከል የቀረው ውሃ ተንኖ ወደ አየር ሲገባ ነው። ለዚህም አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ እነርሱም ሙቀት፣ ደረቅ አየር፣ ነፋስና ስፋት ናቸው። ሙቀቱ ውሃውን ወደ እንፋሎት ይለውጠዋል፤ ደረቁ አየር እንፋሎቱን ይቀበለዋል፤ ነፋሱ የጠገበውን አየር አባርሮ ያልጠገበውን ያመጣል፤ ጨርቁም በተዘረጋ መጠን የሚተንንበት በር ይሰፋለታል። ተጠቅልሎ የተሰጣ ፎጣ ቀኑን ሙሉ ውሎ ሳይደርቅ የሚመሸው ስለዚህ ነው።

አንድ ሊትር ውሃ እንዲተንን 2.4 ሚሊዮን ጁል ያህል ሙቀት ይፈጃል። ይህም በቆጣሪ ቋንቋ ሲነገር የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። አራት ኪሎ የሚመዝን ደረቅ ልብስ ታጥቦና በመኪና ተጨምቆ ሲወጣ ሁለት ሊትር ወይም ከዚያ የሚበልጥ ውሃ ይዞ ይወጣል። እንግዲህ ይህን ውሃ ለማትነን ብቻ፣ ምንም ሳይባክን፣ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት የበለጠ ኀይል ያስፈልጋል ማለት ነው። መኪናው ደግሞ ከውሃው ጋር አየሩንም፣ ብረቱንም፣ ጨርቁንም ማሞቅ ስላለበት የተለመደው የኤሌትሪክ ማድረቂያ በአንድ ዙር ከ2 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። በአሜሪካ ቤቶች የሚገኘው ዓይነት በሥራ ላይ ሳለ ወደ 5 ኪሎዋት ይስባል፤ ይህም ወደ 3 ተኩል ኪሎዋት ከሚስበው ከኤሌትሪክ የእንጀራ ምጣዳችን እንኳ የሚበልጥ ነው። ምጣድ በተሰካ ጊዜ የቤቱ አምፖል ሲፈዝ ያየ ሰው የነገሩን ክብደት ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ሂት ፓምፕ በሚባለው ዘዴ የሚሠራው አዲሱ ማድረቂያ የቀድሞውን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያም ያነሰ ብቻ እንደሚፈጅ መግለጽ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ግማሹም ቢሆን ከምንም ይበልጣል።

አሁን ደግሞ ወደ ገመዱ እንመለስ። ሰማዩ በጠራ ቀን በእኩለ ቀን ላይ ፀሐይን ፊት ለፊት በሚያይ በአንድ ካሬ ሜትር ቦታ ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኀይል ወደ 1000 ዋት ይጠጋል። ሁለት ካሬ ሜትር የሆነ አንሶላ እንዲህ ሲዘረጋ ሁለት ኪሎዋት የሚሆን ማሞቂያ እንደ ተሰካለት ያህል ነው። በዚህ ላይ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ያህል ከፍ ያለችው አዲስ አበባ በበጋ ወራት ደረቅ አየርና ነፋስ አላት። ጧት የተሰጣ ሸሚዝ ለምሳ ሰዓት የሚደርቀው በዚህ ምክንያት ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል እንደሚባለው ይህን ሀብት አናስተውለውም።

የማድረቂያው መኪና ታሪክ

ልብስን በተሠራ ሙቀት ማድረቅ የተጀመረው ያለ ምክንያት አይደለም። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክረምቱ ረጅም፣ ሰማዩ ደመናማ፣ ብርዱም በገመድ ላይ ያለውን ልብስ እንደ ሳንቃ የሚያደርቅ ነው። በዴይተን ኦሃዮ ይኖር የነበረው ጥቁር አሜሪካዊ ጆርጅ ሳምፕሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1892 የፈጠራ መብት የተሰጠው፣ እርጥብ ልብስ ከምድጃ አጠገብ ተንጠልጥሎ እንዲደርቅ ለሚያደርግ ማዕቀፍ ነበር። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለዚያ አገር ብርድ ይህ መልካም ብልሃት ነበር።

ነገር ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኤሌትሪክ ኩባንያዎችና የዕቃ ፋብሪካዎች «ሙሉ በሙሉ በኤሌትሪክ የሚኖር ቤት» የሚለውን ምኞት በማስታወቂያ ሲያስፋፉ ማድረቂያው መኪና የብርድ መከላከያ መሆኑ ቀርቶ የማዕረግ ምልክት ሆነ። ክረምት በማያውቃቸው ፀሐያማ ክፍላተ ሀገር ሳይቀር በየቤቱ ገባ። ከዚያም ነገሩ ተገለበጠ። በብዙ የአሜሪካ መንደሮች የቤት ባለቤቶች ማኅበራት ልብስን በውጭ ማስጣት የሰፈሩን መልክ ያበላሻል፣ የቤቶችንም ዋጋ ይቀንሳል በማለት በመተዳደሪያ ደንባቸው ከለከሉ። ሰው በገዛ ጓሮው፣ በገዛ ፀሐዩ ልብሱን ማድረቅ ጥፋት ሆነበት።

ይህን ለማስተካከል ሕግ ማውጣት አስፈልጓል። የፍሎሪዳ ግዛት በ1980 በፀሐይ ኀይል የሚሠሩ መሣሪያዎችንና የልብስ ማስጫ ገመድን መከልከል እንዳይቻል ደነገገ። ቬርሞንትና ሜይን በ2009፣ ሜሪላንድ በ2010 ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ሜሪላንድ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ግዛት ናት። ከእኛ ሰዎች አንዳንዶቹ በሚኖሩበት በዚያ አገር ገመድ የመዘርጋት መብት በሕግ አውጪዎች ፊት ቀርቦ ሲመከርበት፣ እኛ ማንም ሳይከለክለን በሐፍረት ብቻ ገመዳችንን ብንጠቀልል ምን ይባላል?

መኪናው ከኤሌትሪኩ በቀር ሌላም ወጪ አለው። የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2010 ያለውን ጊዜ መርምሮ በመኖሪያ ቤቶች በልብስ ማድረቂያ ምክንያት በየዓመቱ 2,900 ያህል ቃጠሎ እንደሚነሣ ገምቷል። ዋናው ምክንያትም ከጨርቅ የሚረግፈው ብናኝ ሳይጸዳ መቅረቱ ነው። ከማድረቂያው ወንፊት ላይ በእፍኝ የሚነሣው ያ ብናኝ ከየት መጣ ቢባል ከሸሚዛችንና ከአንሶላችን ነው። ልብሱ እየተንከባለለ በደረቀ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል።

ገመድ የድኻ አገር ምልክት ነውን?

አይደለም። ጃፓን የድኻ አገር ናት የሚል ሰው የለም። በጃፓን ከተሞች ግን በየፎቁ በረንዳ ላይ የልብስ ማስጫ ዘንግ ተጋድሞ፣ ልብሱ በሥርዓት ተደርድሮ ይታያል። የአየር ጠባይ ትንበያ የሚያቀርቡ ድርጅቶችም ዝናብንና ሙቀትን ከመናገር አልፈው በዕለቱ ልብስ ምን ያህል ሊደርቅ እንደሚችል የሚያመለክት መለኪያ ያወጣሉ። ባቡር የሚያሠራ፣ መኪና የሚፈበርክ ሕዝብ ልብሱን ለነፋስ መስጠቱ አላሳፈረውም።

አውስትራሊያም እንዲሁ ናት። ላንስ ሂል የተባለ የአደሌይድ ከተማ ሰው በ1945 በጓሮው የሠራው፣ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋና በነፋስ የሚሽከረከር የብረት ማስጫ ታላቅ ኩባንያ አስገኘ፤ በአገሪቱም ጓሮዎች ሁሉ ተስፋፍቶ የኑሯቸው ምልክት እስከ መሆን ደረሰ። ዛሬ በብሔራዊ ሙዚየማቸው ስብስብ ውስጥ ይገኛል። እነርሱ በሙዚየም ያከበሩትን ዕቃ እኛ በቤታችን ልናፍርበት አይገባም።

የእኛ ኤሌትሪክ ከየት ይመጣል?

አንዳንዱ አንባቢ «የእኛ ኤሌትሪክ በአብዛኛው ከውሃ የሚገኝ ነው፤ ጭስ የለውም። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ታዲያ ስለ ጥቂት ኪሎዋት ሰዓት ይህን ያህል መጨነቅ ለምን?» ይለን ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው። መልሱ ግን ኀይል ማመንጨትና ኀይልን ለሁሉ ማዳረስ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው ነው። ግድቡ የሁላችን ገንዘብና ላብ ነው፤ ሆኖም ከሕዝባችን ብዙው፣ ይልቁንም በገጠር ያለው፣ ገና መስመር አልደረሰውም። በከተማም ቢሆን መስመሩና ትራንስፎርመሩ የሚሸከሙት በልክ ነው። የአንድ ሕንፃ ነዋሪ ሁሉ በአንድ ሰዓት ምጣድም፣ ምድጃም፣ ማድረቂያም ቢሰካ ጨለማው በሁሉ ላይ ይመጣል።

እስቲ እናስላው። አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ ልብስ አጥቦ በመኪና ቢያደርቅና በእያንዳንዱ ጊዜ 3 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ በዓመት ከ300 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይሆናል። 10 ዋት የምትስብ አንዲት አምፖል በየምሽቱ አምስት ሰዓት ብትበራ በዓመት የምትፈጀው 18 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ያ ቤተሰብ በማድረቂያ የሚያጠፋው ኀይል 16 አምፖሎችን ዓመቱን ሙሉ ያበራል። በ16 ጎጆዎች ውስጥ 16 ተማሪዎች ለፈተና ያጠኑበታል ማለት ነው። ለቤቱ ኪስም ቢሆን ሌላ መዘዝ አለው፤ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የሚያድግ ስለሆነ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ገመድ ግን አንድ ጊዜ ከተገዛ በኋላ የወር ሒሳብ አያመጣም።

መሰናክሎቹስ?

የገመድን ነገር ስናመሰግን ችግሩን እንደማናውቅ አንምሰል። የመጀመሪያው ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም አየሩ ራሱ ውሃ ስለሚጠግብ ልብስ በቀላሉ አይደርቅም። በዚህ ጊዜ ዋናው ብልሃት በማጠቢያው መኪና በሚገባ ማስጨመቅ ነው። ውሃን በማሽከርከር ማስወጣት በሙቀት ከማትነን እጅግ ያነሰ ኀይል ስለሚፈጅ መኪናው በፍጥነት በጨመቀ መጠን ገመዱ የሚቀረው ሥራ ይቀንሳል። በእጅ ያጠበም ሰው ልብሱን በደረቅ ፎጣ ጠቅልሎ ቢጭነው ብዙ ውሃ ይወጣለታል። በቤት ውስጥ የሚሰጣ ከሆነ መስኮት መከፈት አለበት፤ ከልብሱ የሚወጣው ውሃ መሄጃ ካጣ በግድግዳው ላይ ሻጋታ ሆኖ ይቀመጣልና።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን። የሕፃን ጨርቅ ወይም የነገ ሸሚዝ ለማድረቅ ብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ማንደጃ አቀጣጥሎ ማደር ሕይወት ያጠፋል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። እርጥብ ሸሚዝ ለብሶ ቢሮ መግባት ከዚህ ይሻላል።

ሁለተኛው አቧራ ነው። መንገድና ሕንፃ በሚሠራባት ከተማ ነጭ ልብስ ማስጣት ልብን ያስጨንቃል። ስለዚህ ልብሱ ተገልብጦ ይሰጣ፤ ሲነሣም በደንብ ይራገፍ። ከመንገድ ዳር ይልቅ የጓሮው ወይም የሕንፃው የኋላ ወገን ይመረጣል። ሽቦ የሆነ ገመድ ዝገቱ በነጠላ ላይ እንዳይቀር በየጊዜው ይጠረግ። ቀለም ያለው ልብስ ጥላ ያለበት፣ ነጩ ግን ፀሐይ የሚመታው ቦታ ይገባዋል። ሸሚዝ እርጥብ ሳለ በኀይል ተራግፎ ከታች ጫፉ ቢሰቀል ለካውያ የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው፤ ካውያም ራሱ ኤሌትሪክ በላተኛ ነውና ይህ ሁለተኛ ቁጠባ ነው።

ሦስተኛው መሰናክል ጊዜ ነው። ባልና ሚስት ቢሮ በሚውሉበት ቤት ልብስ ማን ያነሣል? የድሮው መልስ ጎረቤት ነበር። ዝናብ ማካፋት ሲጀምር «ልብሳችሁ!» ብሎ የሚጣራ፣ ሰው ከጠፋም በክንዱ አቅፎ የሚያስገባ ጎረቤት በሰፈሩ ሁሉ ነበረ። በፎቅ ላይ የምንኖር ሰዎችም ይህን ልማድ ይዘን ልንወጣ ይገባናል።

ከዚህም ጋር ለወጣት ወንዶች የምንነግረው አለ። ስለ ኤሌትሪክ ቁጠባ በሰፊው እያወሩ ሳፋውንና ገመዱን ለእኅት፣ ለሚስት ወይም ለቤት ሠራተኛ መተው ቁጠባ አይባልም፤ በሰው ጉልበት ለጋስ መሆን ነው። ገመድን የሚያመሰግን ሰው አንሶላውን በገዛ እጁ ያስጣ። አረጋዊት ብቻቸውን ለሚኖሩበት፣ ወገቡን ለታመመ፣ ሰፊ ሥራ ላለው ሆስፒታልና ሆቴል ማድረቂያ መኪና ተገቢ ነው። የምንነቅፈው የሚያስፈልገውን ሳይሆን ለይምሰል የሚገዛውን ነው።

የተናቀ ሥራ ያስተማረው

ልብስ አጠባና ማስጣት የተናቀ ሥራ ነውና ዐዋቂ ሰው ሊመለከተው አይገባም የሚል ተማሪ ካለ የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር ያስታውስ። እኒህ ሊቅ በ1964 በዐድዋ ስለ ቢልሐርዝያ በሽታ ሲመራመሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ባለው ወንዝ ውስጥ በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ሌላ ሰው ባለፈበት እርሳቸው ቆም ብለው «ለምን?» አሉ፤ የእንዶድም ኀይል በዓለም ታወቀ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ያ ዕውቀት የተገኘው ከወንዝ ዳር ነው። አያቶቻችን በእንዶድ አጥበው በሣርና በቁጥቋጦ ላይ ያሰጡ የነበረው ኋላ ቀር ስለ ነበሩ ብቻ አይደለም፤ በአካባቢያቸው ያለው ነገር ምን እንደሚሠራ ስለሚያውቁ ጭምር እንጂ።

ከዚህ ገጽ አንባቢዎች ብዙዎቹ ነገ የሕንፃ ፕላን የሚያጸድቁ፣ የነዋሪዎች ማኅበር ደንብ የሚያረቁ፣ በጀት የሚመድቡ ናቸው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲታቀዱ ለእርድ፣ ለልብስ አጠባና ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆን የጋራ ቤት ከሕንፃዎቹ ጋር እንዲሠራ መደረጉ የኑሯችንን ጠባይ ያገናዘበ አሳብ ነበር። በሚመጡት ሕንፃዎችም ነፋስ የሚያልፍበት ሰፋ ያለ በረንዳ፣ ወይም በጣሪያ ላይ አጥር ያለው የማስጫ ቦታ መተው ለሠሪው ብዙ ወጪ አያስከትልም። ቦታውን ከነፈግን በኋላ ግን ነዋሪው በመስኮት ላይ ቢያንጠለጥል መልክ አበላሸህ ብሎ መውቀስ ፍርድ አይሆንም፤ ማድረቂያ መኪና ግዛ ብሎ እንደ ማስገደድ ነው። ደንብ የምታረቁም «ልብስ ማስጣት ክልክል ነው» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከመጻፋችሁ በፊት «የትና እንዴት ይሰጣ?» የሚለውን ጻፉ።

ኀይል የምናባክንበት ቦታ ብዙ ነው፤ ገመድ ብቻውን አገር አያበራም። ነገር ግን ከቤታችን ጀምሮ ልንሠራው የምንችለው፣ መሣሪያውም ከሱቅ በጥቂት ብር የሚገኝ ቁጠባ ከዚህ የሚቀልል ጥቂት ነው። መኪናው ይጠብ፤ ይጭመቅም፤ ለዚያ ተሠርቷል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ግን ለባለቤቱ እንተውለት።